የጀርባ ሽፋን አስተያየት

“ጋሼ፣ ገጸ ባሕርይ ከማውቀው ሰው ላይ ብወስድ ነውር ነው?” ብላ ጠየቀችው፣ አሥራ አንድ ዓመት ልቦለዶቹን ስትተይብለት የኖረችው ሴት።

አንጋፋው ደራሲ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገ። ምክር ከመስጠቱ በፊት ሁሌም እንዲህ ያደርጋል። “ምን ነውር አለው? ሰው መጽሐፍ ውስጥ ራሱን ቢያገኘው አያውቀውም። ጎረቤቴ ነው ብሎ ይስቃል እንጂ! ዝም ብለሽ ጻፊ።”

በዓመቱ ረቂቋን ይዛ መጣች፤ ለጀርባ ሽፋኑ አስተያየት እንዲጽፍላት። ረቂቁን በእጁ መዘን አደረገና ሳይገልጠው፣ ለሁሉም የሚጽፈውን ጻፈላት፦ “ቁጭ ብዬ ሳልነሳ ጨረስኩት። ዋናው ገጸ ባሕርይ በአካል የማውቀው ሰው እስኪመስለኝ ድረስ ሕያው ነው።”

“ጋሼ፣ የመጀመሪያዋን ገጽ እንኳ ቢያዩልኝ...”

“ጥሩ መጽሐፍ በክብደቱ ይታወቃል፣ ልጄ!”

በምርቃቱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከመጽሐፉ ቀንጨብ አድርጎ የማንበቡ ክብር ለእሱ ተሰጠ። መድረክ ላይ ወጥቶ መነጽሩን በክራቫቱ ጠረገ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦም በዚያ በሚያምር ድምፁ ጀመረ፦

“ያላነበበውን መጽሐፍ ከማድነቁ በፊት መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ መጥረግ ልማዱ ነበር።”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ደራሲውም እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

“ይሄን ሰውዬማ አውቀዋለሁ!” አለ፣ የፊት ወንበር ላይ ወደ ተቀመጠው ሐያሲ ጓደኛው ጣቱን ቀስሮ። ከዚያም በእንባ የራሰውን መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገ።