ማሳ ዳር የተተከለ ወንበር

«ተቀመጥ ብያለሁ ተቀመጥ!» ይላል ሻምበል፣ አካፋውን ከባሌ እጅ እየነጠቀ። «ወገብህን ቆርጠን ሚስትህ ትርገመን እንዴ?» ዘው ብሎ ቤታችን ይገባና የፕላስቲኩን ወንበር ይዞ ይወጣል፤ ማሳው ዳር ደረቅ ቦታ ፈልጎ ይተክለዋል። ባሌ እኔን ያየኛል። እኔ ጭቃውን አያለሁ።

ሻምበል የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ማዘዝ ስለሚወድ የወጣለት ስም ነው። ጎርፉ ካለፈ ወዲህ ጎረቤቱን አሰልፎ ከማሳ ማሳ እየዞረ ደለል ያስጠርጋል፣ ቦይ ያስከፍታል። የራሱ ቃሪያ እስካሁን ውሃ ውስጥ ነው። እኛ ግን ሳንጠራው ዛሬ ሰዉን ይዞ መጣልን። «የእናንተ ረባዳ ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ ውሃ አይችልም። ዛሬ ካልተነፈሰ ነገ ሸተተ ማለት ነው» አለ። ዓመቱን የምንገፋው በዚህ ሽንኩርት ነው፣ ሌላ የለንም። ሰማዩም እንደገና ጠቁሯል።

ባሌ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። ምን ያድርግ?

ወገቡን ምንም አያመውም። ጎርፉ ቤት ሲገባ ፍሪጁን ብቻውን አቅፎ ጠረጴዛ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ወገቡ የሚያዘው የሰው ሥራ ሲመጣ ብቻ ነው። የሰው ጣሪያ ይሠራል ሲባል፣ የሰው ጉድጓድ ይቆፈራል ሲባል፣ በራችን ይንኳኳል፤ እሱ ወደ ጓዳ፣ እኔ ወደ በር። «ውይ፣ ወገቡን አሞት ተኝቷል እኮ» የምለው እኔ ነኝ። ትናንት የጎረቤታችን የእማማ ማሳ ተራ ነበር፤ ትናንትም ብያለሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኛው ግን ይኸው ወንበር ተሰጥቶት ሰው ፊት ተቀምጧል።

እኔ ሰልፉ ውስጥ ገብቼ ደለል በባልዲ አቀብላለሁ። ከጎኔ እማማ አሉ፤ ከእኛ በላይ ያለው ማሳ የእሳቸው ነው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የእሳቸው ዳሌ የእውነት ታሟል። አካፋውን ጭቃው ውስጥ በሰደዱ ቁጥር ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

«እማማ፣ በናትዎ ትንሽ ይረፉ» እላቸዋለሁ።

«ምን ዕረፍት አለ የኔ ልጅ? ትናንት ሰው ሁሉ ለኔ ሲለፋ ውሎ እኔ ዛሬ እግሬን ዘርግቼ ልተኛ?»

ንግግራቸው ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ፣ መሬቷ ግን ጭቃ ሆና ቦቲ ጫማዬን ብቻ ትይዝብኛለች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ጥላ ይያዝልዎት?» ይለዋል ጎሚስታው ጎረቤታችን ባሌን፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። ሰው ሁሉ ይስቃል። «ኧረ ተው አታስቀው፣ ወገቡን!» ይላል ሌላው። ይወቁብን አይወቁብን እንጃ። ባሌም ለመሳቅ ይሞክራል፤ ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቷል።

ቦዩ አፉ ላይ ተዘግቷል። ጎርፉ ያመጣው ግንድ ተጋድሞበታል፤ እሱ ካልተነሣ ውሃው ንቅንቅ አይልም። ሻምበልና ጎሚስታው ከሥሩ ገብተው ይገፋሉ፤ ሌሎቹም ይጨመራሉ። ግንዱ ትንሽ ከፍ ይልና ተመልሶ ዘጭ ይላል።

«አንድ ሰው! አንድ ሰው ቢጨመርልን እኮ ይነሣል!» ይጮኻል ሻምበል።

ነጎድጓድ ይሰማል። ባሌ የወንበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ቢነሣ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ጉዱ ሊፈላ ነው፤ ቢቀመጥ ሽንኩርቱ ሊበሰብስ። ተነሣ እለዋለሁ በሆዴ። ደግሞ አትነሣ እለዋለሁ፤ ከእሱ ጋር የምዋረደው እኔ ነኝና።

እማማ አካፋቸውን ጥለው እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። «እስቲ እኔም ልግፋ፣ ምን አለበት» ይላሉ። ትከሻቸውን ለግንዱ ይሰጣሉ። አንዴ ገፋ ያደርጋሉ፤ እግራቸው ይከዳቸውና በጉልበታቸው ውሃው ላይ ይወድቃሉ።

ወንበሩ ባዶ ነው። ባሌ ሲሮጥ አላየሁትም፤ እማማን ደግፎ ካነሣ በኋላ ነው ያየሁት። ከግንዱ ሥር ይገባል፣ ጎንበስ ይላል፣ ያ ወገቡ ሲወጠር ሸሚዙ ይቀደዳል። ግንዱ ይነሣል። ይገለበጣል። ውሃው እየተንደረደረ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

እልል ይባላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጎሚስታው አፉን ሊከፍት ሲል ሻምበል በዓይኑ ይመልሰዋል። ሁሉም የባሌን ወገብ ያያሉ፤ ባሌ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ተመልሶ ወንበሩን ያነሣና ጭቃውን እያቦካ መጥቶ እማማ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ከጣሉት ቦታ አካፋቸውን አንሥቶ እሳቸው በጀመሩት መስመር ይገባል።

እማማ ወንበሩ ላይ ያርፋሉ፣ ጉልበታቸውን ያሻሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይላሉ። ሰዉን በር ላይ የምመልሰው እኔ አይደለሁ?

«ወገቡስ የኔ ልጅ?»

ሰው ሁሉ ይሰማል።

«አያመውም እማማ» እላለሁ።

«እሰይ!» ይላሉ፣ ፊታቸው እየበራ። «እሰይ፣ ተመስገን! በየማታው ስጸልይለት ነበር እኮ።»

ባሌ አካፋው ላይ ጎንበስ እንዳለ ይቀራል።