የ«ከፍታ ሪከርድስ» ጠላት

አሰላ ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ አቀናባሪ፣ ጥቁር መነፅር ያጠለቀ ሁሉ ፕሮዲውሰር ነው። እዮኤል ሁለቱም ነበሩት። ከጎሚስታ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለብጦ «ከፍታ ሪከርድስ» አላት። ከታች ጎማ ሲነፋ ከላይ ቀረጻ ይቆማል።

የመጀመሪያ ዘፋኙ ሳምራ ነበረች። ከበቆጂ እስከ አቦምሳ ያለ እሷ ሰርግ አይደምቅም፤ ማይክ ቢበላሽ እንኳ ድምፅዋ ከዳስ ውጭ ይሰማል። እዮኤል ይህን ድምፅ በኮምፒውተር አቃንቶ፣ አቅጥኖ፣ ከበሮ ጭኖበት አወጣው።

ስትሰማው «ይሄ እኔ ነኝ?» አለች።

«አላመንሽም አይደል?» አለ በኩራት።

በዚህ አገር ዘፈን የሚያስተዋውቀው ሚኒባስ ነው። እዮኤል በተራ አስከባሪዎች በኩል ለየሾፌሩ ዘፈኑ ያለበትን ፍላሽ አደለ፤ ፕሮዲውሰር ራሱ መናኸሪያ አይዞርም። ዘፈኑ እስከ ሰርግ ወራት ካልታወቀ ኪራይ አጥቶ ክፍሏን ሊለቅ ነው። ግን አንድም መኪና ሳይከፍተው ቀረ። እንደገና አደለ፤ እንደገና ዝም።

በመጨረሻ አንድ ተራ አስከባሪ ሹክ አለው፤ ሾፌሮቹን ጫት እየጋበዘ ፍላሹን የሚያስመልስ ሰው አለ።

እዮኤል «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ጥቅስ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነበር፤ ጸሎቱ የተሰማለት መሰለው። «ሀሰኖ ነው» አለ። ሀሰኖ የማዶው ስቱዲዮ ባለቤት ነው።

«ሀሰኖ እንዲህ አያደርግም» አለች ሳምራ። «ይልቅ በራሴ ድምፅ እንደገና እንቅዳው።»

«የራስሽ ድምፅ ለዳስ ነው። ነገ አብረሽኝ መናኸሪያ ትሄጃለሽ፤ አንቺን ሲያዩ አፍረው ይናገራሉ።»

«ነገ አይመቸኝም።»

«ለስምሽ እኮ ነው የምታገለው» አለ። የዋህነቷ አሳዘነው። በነጋታው ለምኖም ተቆጥቶም ይዟት ወረደ።

የበቆጂ መስመር ሾፌሩ አስናቀ ተራ ይዞ ጉንጩን ወጥሯል። እዮኤል መነፅሩን አስተካክሎ ጉሮሮውን ጠረገ። አስናቀ ግን ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ፣ በእዮኤል ትከሻ ላይ አሳልፎ ለሳምራ ዘረጋላት።

«እንቺ ሳምራ፣ ሰሞኑን ሌላ ሰጥተውን ነበር፤ ጫቴን እንዳትረሺ። ዛሬ ደግሞ ፍላሽ የሚለቅምልሽ ልጅ ቀጠርሽ እንዴ?»