አንድ ጣሳ

«ሌላ እንግዳ ይመጣል እንዴ?» አለች ስንዱ፣ ብርነሽ ሁለተኛ ጣሳ ብትጠይቃት ግራ ገብቷት።

«ኧረ ለራሴ ነው።»

የሸክላ ሠሪ ልጆች ከተማው ትምህርት ቤት እንዲገቡ የተፈቀደ ዕለት፣ ሌላው ሲጸየፍ ከስንዱ ጣሳ ውሃ የጠጣችው ብርነሽ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ፣ ይኸው ፀጉራቸው እስኪሸብት፣ ጣሳቸው አንድ ነው። ዘንድሮ ሙዚየሙ ለመታሰቢያው በዓል ያንን ትዝታዋን ለመናት። ብርነሽ መቼም እምቢ ማለት አታውቅም፤ ሰጠች። የተሰጠ ትዝታ ደግሞ ከባለቤቱ ጭንቅላት ወጥቶ ሙዚየሙ ዘንድ ይቀራል።

ስንዱ ተነሳች፤ ተቀመጠች፤ እንደገና ተነሳች።

«እስቲ ከዚሁ ጠጪ፣ እቴ» ብላ የራሷን ጣሳ ዘረጋችላት።

ብርነሽ እጇን ሰብሰብ አደረገች። «ካንቺ ጣሳ ምን ብዬ ነው የምጠጣው?»

«እሱን እንኳ ሙዚየሙን ጠይቂ» አለች ስንዱ። «ቅዳሜም ክፍት ነው አሉ።»