የዘይባ ትንፋሽ

ዘይባ ዳገቱ መሐል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ባሏ ሽፋ ጥቂት አልፏት ነበርና እሱም ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ የበረባሶውን ማሰሪያ ይነካካ ጀመር። ማሰሪያው ምንም አልሆነም። ከቡታጅራ ከወጡ ወዲህ እሷ በቆመች ቁጥር የሚያስተካክለው ነገር አያጣም፤ አንዴ ጫማውን፣ አንዴ ሽርጡን፣ አንዴ ዱላው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ። «ደከመሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም። ደክሟት ቢሆን ደስታውን አይችለውም ነበር።

ይኸው ዳገት ከገበያ ስትመለስ ጨው አዝላ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ የምትወጣው ዳገት ነው። ዛሬ ባዶ እጇን ናት።

ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ነቀርሳ ነው ተብሎ የግራ ጡቷ በኦፕራሲዮን ተቆርጦ ወጥቷል። ፈረንጁ ሐኪም ሲያሰናብታቸው በአስተርጓሚ፣ «አሁን ደህና ናት። ግን ወደፊት ትንፋሽ ካጠራት ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት» ብሎ ነበር። ሁለቱም ሰምተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳቸውም ይህን ቃል አንስተውት አያውቁም።

ዛሬ ጧት ደግሞ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አለሙ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር አስቀምጦ መረመራት። ትኩሳት የለም። ሳል የለም። «እኔ ያገኘሁት ነገር የለም» አለ፣ እጁን እየታጠበ። አገኘሁ ቢላቸው ይህን ያህል ባልፈሩ። «ራጅ መነሣት አለባት፤ ራጅ ያለው ግን አዲስ አበባ ነው» ሲል ጨመረ። ወንዙ መንገዱን ቆርጦት አውቶቡስ ከመጣ ሰንብቷል። ያ መንገድ ሲሠራ ሽፋ ከመንደሩ ሰው ጋር ድንጋይ አግዞበታል።

ጧት ሲነሡ በቅሎ ልዋስልሽ ቢላት እምቢ ብላ ነበር። «በበቅሎ ጭነኸኝ ስትሄድ ያየ ሰው ምን ይላል?» አለችው። እውነቷን ነው። በፊተኛው ሕመሟ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ከእጇ መቅመስ ትቶ ነበር። ሴቶቹ ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ እሷን የሚጠራ ጠፍቶ ነበር። መልሰው የጠሯት ገና አምና ነው።

«አሰላሙ አለይኩም!»

ሳሌሃ ነበረች፣ የታችኛው አጥር ጎረቤታቸው። ቅቤ በቅል ይዛ ወደ ገበያ ትወርዳለች። «ደህና ናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ? ዝናቡ እንዴት አደረጋችሁ?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉ ደህና ነው» አለ ሽፋ፣ ለሁለቱም እየመለሰ።

ዘይባ እጇን ብቻ ከፍ አደረገች። ሳሌሃ ፊቷ ተለዋወጠ። «ምነው ዘይባ፣ ዘጋሽኝ እኮ! ያስቀየምኩሽ ነገር አለ?»

ዘይባ አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣም። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ጥርሷን ተነቅላ ነው!» አለ ሽፋ ሳያስበው። «ብርድ እንዳይገባበት አፍሽን እንዳትከፍቺ ብሏታል ድሬሰሩ።»

ዘይባ አንዴ ዓይኑን አየችው። ከዚያ አፏን ገጠመችና በሻሿ ጫፍ ጉንጯን ያዘች።

ሽፋ ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። ሳሌሃ ቅሉን ካንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛውራ፣ አዝና፣ የራሷ መንጋጋ የተነቀለ ጊዜ እንዴት ሳምንት ሙሉ እንዳበጠ ታወራ ጀመር። የዘይባ አፍንጫ ይነፋል፣ ይከደናል። የአንገቷ ጅማት እንደ ገመድ ተገትሯል። የከንፈሯ ዳርና ዳር አመድ መሰለ።

«ገበያው እንዳይበተንብሽ» አላት ሽፋ።

«ኧረ ገና ነው!» አለች ሳሌሃ፤ ስለ እብጠቱ ቀጠለች። ሽፋ ዱላውን ጨብጦ ቆመ። ዝም በይ ቢላት ነገሩ ይወጣል። ቢተዋት ሚስቱ ፊቱ ትታፈናለች።

«በይ ቅርንፉድ ንከሺበት። አላህ ይማርሽ» አለችና ሳሌሃ በመጨረሻ ወረደች።

ጀርባዋ ከመታጠፊያው ሲሰወር ዘይባ አፏን ከፈተች፤ ከደረቷ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ሽፋ ደግፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ትከሻዋን ያዘ፣ ለቀቀ፤ የቱን ቢይዝላት እንደሚሻላት አላወቀም። ቆቡን አውልቆ አራገበላት። አየሩማ ሞልቷል። አልገባ ያለው እሷ ዘንድ ነው።

ቀስ በቀስ መለስ አለላት።

«ጥርስ?» አለች። «ሌላ አጣህ?» ልትስቅ ሞከረችና ሳቁ ራሱ አቋረጣት። ቆይታ፣ «ሽፋ» አለች።

«ወይ።»

«ተመልሶ መጥቷል መሰለህ?»

ምኑ ነው የመጣው ሊላት አሰበና አፈረ። «አላውቅም።»

«እኔ ለራሴ ዳገቱ ነው እላለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የልጄን ፀጉር ስሠራ ይመጣል። ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል።» ጀርባዋን ሰጠችው። «እስቲ ጆሮህን አድርግና ስማልኝ።»

«እዚህ? መንገድ ላይ?»

«ማን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ዘይባ?»

«ምንም አትወቅ። ብቻ ስማልኝ።»

ሽፋ ላይና ታች አየ። ጭቃው ላይ ተንበረከከና ጆሮውን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። መጀመሪያ የሰማው የገዛ ልቡን ነው። ቆይቶ የሷ መጣ፤ አየሩ ይገባል፣ ይቆማል፣ ይወጣል። ከሥሩ አንድ ቀጭን ነገር ይንሿሿል።

ይኼ በሽታው ነው? ወይስ ሰው ሁሉ በውስጡ እንዲህ ይላል? አምስት ልጅ ወልደው፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ፣ ጤነኛ ሳለች አንድ ቀን እንኳ ጆሮውን አስጠግቶ አዳምጧት አያውቅም።

«ምን ይላል?» አለች።

ዝናቡ ከላይ ከዘቢደር ተራራ ወረደ። የእንሰቱን ሰፋፊ ቅጠል እየደበደበ አካባቢውን ሞላው። ሽፋ ዓይኑን ጨፈነና ጆሮውን ይበልጥ ተጫነ።