አፍ መፍቻ

ዓይናዲስ ከደሃና ተነሥታ ቤይሩት ለሥራ ከገባች ሦስት ዓመት ሆኗታል። የምታስታምማት ዐረብ አሮጊት አንደበቷ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ የሚባል የለም። ስለዚህ ዓይናዲስ ጠዋት ጠዋት ሾርባ በማንኪያ ስታጠጣት፣ እንደማይገባት እያወቀች፣ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ ታወራታለች፤ ስለ አገሯ ብርድ፣ እናቷ በጨውና በበርበሬ ስለምታሸው በሶ። ይህን ስታወራ ሆዷ ትንሽ ይረጋላታል።

ሰኞ ማለዳ አሮጊቷ ማንኪያውን ገፋ አድርጋ፣ ጥርት ባለ ኽምጣኛ፣ «ቀጠነብኝ ልጄ» አለቻት።

«እሽ እማየ፣ አወፍረዋለሁ» ብላ ዓይናዲስ ተነሣች። አሮጊቷ በምን ቋንቋ እንዳናገረቻት ልብ ያለችው ወጥ ቤት ከደረሰች በኋላ ነው።

እሑድ ወንድሟ የኔሰው ከአገር ቤት፣ ከአምደወርቅ ደወለላት።

«አትደንግጭ፣ እናታችን አካሏ ደኅና ነው። ብቻ ከሰኞ ወዲህ የምትናገረው አይገባንም። ዐረብ አገር የኖረችዋን ሰላማዊትን ጠርተን ብናሰማት፣ ዐረብኛ ነው አለችን።»

«ምን እያለች ነው?»

«‹ቤቴ ውሰዱኝ› እያለች ነው የምታለቅስ። እዚሁ ቤቷ ተቀምጣ።»

ዓይናዲስ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ከመኝታ ክፍሉ አሮጊቷ ያንኑ ቃል በኽምጣኛ እያለች ታለቅስ ነበር።