ሁለት ጣት አገጭ ላይ

«እጅዎን፣ እናቴ! እጅዎን!» ይላል የማሽኑ ባለሙያ። ሳላውቀው ከወንበሬ ተነስቼ የልጄን አገጭ ነክቻለሁ።

ስክሪኑ ላይ የነበረው መስመር ተበላሸ። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ምንም አይደል፣ እንደገና እንጀምራለን» ብላ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለውን ማግኔት ልጄ ጭንቅላት ላይ መልሳ ታስጠጋዋለች።

ቀጭ! ሽቦ የተለጠፈበት የልጄ እጅ ላይ አውራ ጣቷ ሳታዝዘው ብድግ ይላል። ማግኔት አንጎል ውስጥ ገብቶ ምን ነካክቶ እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ማግኔቱ ብረት እንዳይስብ ብዬ ጠዋት የጆሮ ጌጧን፣ የፀጉር ማስያዣዋን፣ ቁልፍ ያለውን ቀሚሷን ሁሉ አስወልቄያታለሁ። «ጥርሴ ቀረልሽ፣ እማ፤ ንቀይው!» ብላ ስቃብኛለች።

አንገቷ ወደ ግራ መጠምዘዝ ከጀመረ ወዲህ ያልሄድንበት ሐኪም የለም። «ጠባይ ነው» ያለኝም አለ። እኔ ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለት ጣቴን አገጯ ላይ ሳሳርፍ፣ ሳልገፋ፣ እንዲያው ሳሳርፍ፣ አንገቷ ይመለሳል። ስትበላ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ፎቶ ስትነሳ። ከዚያ ሌላ የማደርግላት ነገር የለኝም።

«እርስዎ ሲነኳት አንጎሏ ይረጋጋል» ትለኛለች ሐኪሟ። «እኛ ደግሞ መጀመሪያ ሳይረጋጋ ማየት አለብን። የእርስዎን ንክኪ ኋላ ለብቻው እንለካዋለን።»

«ከዚያ ትድናለች?»

«ነግሬዎታለሁ እኮ፣ እናቴ። ይሄ ጥናት ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። ምናልባት ወደፊት ለሌሎች…»

ለሌሎች። ሁሉንም ጤና ይስጣቸው። እኔ የወለድኩት ግን አንዷን ነው።

እጆቼን ጭኔ ሥር ከትቼ እቀመጣለሁ። ቀጭ! አገጯ ትከሻዋ ላይ ሊደርስ ነው። ቀጭ! የአንገቷ ጅማት ገመድ ሆኗል።

«በጣም ጥሩ!» ይላል ባለሙያው።

«ምኑ ነው ጥሩው?»

ደንግጦ ዞር ይላል። «መስመሩን ማለቴ ነው፣ እናቴ። ጥርት ብሎ ወጣ።»

«ተይው፣ እማ» ትላለች ልጄ። «ስንት ዓመት ተምሬ ዛሬ ገና በጣም ጥሩ ተባልኩ፤ አታበላሺብኝ።»

ሁለቱ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ዛሬ አንገት ነው፤ ነገ ምላስ፣ ከነገ ወዲያ ትንፋሽ ይሆናል። ሐኪሟ እንዲያ አይሆንም ብላኛለች። ሐኪም ሌላ ምን ይላል?

«አሁን የእርስዎ ተራ ነው።»

ከወንበሬ ዘልዬ እነሳለሁ። ጣቶቼ በድን ሆነዋል፤ እንዳይቀዘቅዟት ቀሚሴ ላይ አሻቸዋለሁ። ከዚያ ሁለቱን አገጯ ላይ አሳርፋለሁ። እንደ ወትሮው፣ ሳልገፋ።

አንገቷ አልተመለሰም።

ትንሽ ወደ ጉንጯ ከፍ አደርጋቸዋለሁ። ዝቅ አደርጋቸዋለሁ። ቀጭ!

«እንዳይገፉ፣ እናቴ።»

«አልገፋሁም!» ገፍቻለሁ።

ቀጭ! ባለሙያው ስክሪኑን ያያል፣ ሐኪሟን ያያል። ሐኪሟ ማግኔቱን ታነሳና ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። «አንዳንዴ ንክኪው እየቆየ መሥራቱን ያቆማል። የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ይበቃናል፣ እጅዎን ያንሱ።»

እጄ እሺ አይለኝም። ካነሳሁት በኋላ ምን ይዤ ወደ ቤት እገባለሁ?

የልጄ ፊት አሁንም ከእኔ ወዲያ እንደዞረ ነው፤ የሚታየኝ ባዶ ጆሮዋ ብቻ ነው።

«ቀለለኝ፣ እማ» ትላለች፣ ለግድግዳው።