አሁንስ?

«አሁንስ?» አለች ሚስትየው። ባሏን ስትሮክ ከመታው ሦስት ወር አልፎት ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ባዘዘችው መሠረት፣ ዓይኑን በሻርፕ ሸፍና የደነዘዘ ግራ እጁን በጥጥ ትነካካለች፤ እሱ ደግሞ የት እንደነካችው ይናገራል። «አውራ ጣቴ ላይ ተሰማኝ» አለ። ጥጡ ግን ጭኗ ላይ ነበር።

«አልነካሁህም እኮ! አንተ ሰውዬ፣ ፀጉር አስተካካይ ነህ ጠንቋይ?»

«ቶሎ እንድትጨርሺ ብዬ ነዋ።»

«እጁ የኔ ነው እንዴ? የደንበኛህንም ጉንጭ እንዲሁ በግምት ልትላጭ ነው?»

ምላጩን ቀኝ እጅ ቢይዘውም፣ ቆዳውን የሚወጥረው ግራው ነው። እሷም ጥጡን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «በቃኝ! አንጀቴን አሳረርከው።»

«ከበቃሽ እሰየው! ይልቅ ትንሿ ጣቴ ላይ የሚንፏቀቀውን ዝንብ አባሪልኝ፤ ነዘነዘኝ።»

ዞር ብላ አየች። ሻርፑ ከዓይኑ አልወረደም። ዝንቡ የደነዘዘው ግራ እጁ ትንሿ ጣት ላይ ቆሞ የፊት እግሮቹን ያፋትጋል። ልታባርረው እጇን አነሳች፤ ከዚያ ቀስ ብላ መልሳ አወረደችው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲል ጮኸ።

ዝንቡ መንገድ ጀመረ። እሷ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ «አሁንስ» አለች፣ «የት ደረሰ?»